በአንድ አውታር ሦስት ፍላጻ፦ ፍጥነቱን ለክተው የሚያውቁበት መንገድ

በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣውን «ባሁባሊ 2» የተባለ የህንድ ፊልም ያየ ሰው፣ ጀግናው ለልዕልቲቱ ሦስት ፍላጻ ባንዴ መወርወር የሚያስተምርበትን ክፍል አይረሳውም። ይቻላል ወይ ለሚለው መልሱ አጭር ነው፤ ሦስቱም ከአውታሩ ይወጣሉ። ቁም ነገሩ በምን ፍጥነትና ወዴት ይሄዳሉ የሚለው ነው። ደስ የሚለው ደግሞ፣ ፍጥነቱን ለማወቅ ሦስት ፍላጻ ደጋን ላይ መደርደር አያስፈልግም። አንድ ደጋን፣ የሻንጣ ሚዛን፣ ግራም የሚለይ የወጥ ቤት ሚዛን፣ ሜትርና ስልክ ይበቃሉ። የሚወረውሩት ግን ከዒላማው ኋላ ማንም በማያልፍበት ሜዳ፣ አሠልጣኝ ባለበት ይሁን።

መጀመሪያ፦ ደጋኑ የሚያጠራቅመውን ይለኩ

ደጋኑን ከመያዣው ላይ በጠንካራ ገመድ ከአግዳሚ እንጨት ያንጠልጥሉ። የሚዛኑን መንጠቆ አውታሩ መካከል ላይ አስገብተው ወደ ታች ይሳቡ፤ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ረዳትዎ ንባቡን ይመዝግብ። ሲጨርሱ አውታሩን በዝግታ ይመልሱት። ፍላጻ የሌለበትን ደጋን ስቦ መልቀቅ እንጨቱን ሊሰነጥቀው ይችላል፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ ያገኙታል።

ለምሳሌ ንባቡ በ10 ሳንቲ ሜትር 5 ኪሎ፣ በ20 8.5፣ በ30 11.5፣ በ40 14.5፣ በ50 ደግሞ 18 ኪሎ ሆነ እንበል። የእያንዳንዱን እርከን መነሻና መድረሻ ንባብ ደምረው ለ2 ያካፍሉ (የመጀመሪያው እርከን መነሻ ዜሮ ነው)፤ የአምስቱ ድምር 48.5 ይመጣል። ይህን በ0.1 ሜትርና በ9.8 ሲያባዙት 47.5 ጁል ያህል ይሆናል። የደጋኑ ሀብት ይህ ነው። አንድ ፍላጻ ቢያስቀምጡበትም ሦስት፣ እስከዚያው ድረስ ብቻ ከሳቡት አይጨምርም።

ቀጥሎ፦ የአንዱን ፍላጻ ፍጥነት በድምፅ ይያዙ

ስልክዎን ከጎንዎ አስቀምጠው ድምፅ መቅጃውን ይክፈቱና 20 ሜትር ላይ ያለ ዒላማ ይምቱ። የተቀዳውን በድምፅ ማረሚያ መተግበሪያ ሲከፍቱት ሁለት ሹል ጉብታዎች ያያሉ፤ አንዱ የአውታሩ፣ ሌላው የዒላማው ነው። በመካከላቸው ያለው ጊዜ 0.458 ሰከንድ ቢሆን፣ ድምፁ ከዒላማው ወደ እርስዎ የተመለሰበትን 0.058 ሰከንድ (20 ሜትር ለ343) ይቀንሱ። 0.4 ሰከንድ ይቀራል፤ ፍጥነቱ በሰከንድ 50 ሜትር ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው ርቀቱን ነው። 20 ሜትሩ የሚለካው ከእግርዎ አይደለም። አውታሩ ሳይሳብ ፍላጻውን ሰክተው፣ ጫፉ ከደረሰበት ቦታ እስከ ዒላማው ይለኩ። የፍላጻው ርዝመት 70 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ከአውታሩ የለካ ሰው ፍጥነቱን 3.5 በመቶ አብልጦ ይጽፋል።

ከዚያ፦ የተደበቀውን ክብደት ያውጡ

ፍላጻው 25 ግራም ከሆነ፣ በሰከንድ 50 ሜትር ሲበር የያዘው 31 ጁል ብቻ ነው። የቀረው የት ገባ? ብዙው በደጋኑ ክንፎችና በአውታሩ እንቅስቃሴ ውስጥ ቀርቷል፤ መዳፍዎ ላይ የሚሰማዎት ንዝረት እሱ ነው። ስለ ደጋንና ፍላጻ ፊዚክስ በ1943 የጻፈው አሜሪካዊው ፖል ክሎፕስቴግ ይህን የሚያሰላበት ቀላል ዘዴ ነበረው፦ ከፍላጻው ጋር አብሮ የሚጓዝ የማይታይ ተጨማሪ ክብደት እንዳለ መቁጠር። የ47.5 እጥፍ 95 ነው፤ ይህን ለ50 ስኩዌር፣ ማለትም ለ2,500 ሲያካፍሉት 0.038 ኪሎ፣ ወይም 38 ግራም ይሆናል። 25ቱ የፍላጻው ስለሆነ የደጋኑ ድብቅ ክብደት 13 ግራም ነው። ፍላጻ ከሌለ ያ ሁሉ 47.5 ጁል የሚያርፈው ክንፎቹ ላይ ነው፤ ባዶ ደጋን የሚሰበረው ለዚህ ነው።

አሁን ፍላጻዎቹን ይጨምሩ። ለሁለት ፍላጻ 50 እና 13፣ 63 ግራም ይሆናል፤ 95ን ለ0.063 አካፍለው ስኩዌር ሩቱን ሲያወጡ በሰከንድ 38.8 ሜትር ያገኛሉ። ለሦስት 88 ግራም፣ በሰከንድ 32.9 ሜትር። ሦስት ሲሆኑ ፍጥነቱ ሲሶ ይሆናል ብሎ የገመተ ሰው በጣም ተሳስቷል፤ የቀነሰው በሲሶ ገደማ ብቻ ነው። እንዲያውም ሦስቱ አንድ ላይ 40 ጁል ይዘው ስለሚወጡ ደጋኑ ሀብቱን የበለጠ በሥራ ላይ አውሏል። ችግሩ ክፍፍሉ ነው፤ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 13.5 ጁል፣ ከብቸኛው ፍላጻ ድርሻ ግማሽ እንኳ የማይሞላ ነው። በአግድም ቢወረወሩ 20 ሜትር ላይ ሲደርሱ ብቸኛው 78 ሳንቲ ሜትር ሲወርድ፣ ሦስቱ 1 ሜትር ከ81 ይወርዳሉ።

ስሌቱን በአንድ ከባድ ፍላጻ ያረጋግጡ

ደጋኑ የሚያውቀው ክብደትን እንጂ ቁጥርን አይደለም። ስለዚህ 50 ግራም የሚመዝን አንድ ፍላጻ የሁለቱን ፍጥነት ይነግርዎታል። ጭማሪውን ጫፉ ላይ ብቻ አይከምሩት፤ ዘንጉ ከመጠን በላይ ይለመጣል። ክፍት ዘንግ ውስጥ የፕላስቲክ ቱቦ አስገብተው ክብደቱን በርዝመቱ ያዳርሱት። በድምፅ ሲለኩት ወደ 39 ሜትር ከተጠጋ ስሌትዎ ልክ ነው። እኔ የዚህን ሁሉ ሥራ ጣዕም የማገኘው እዚህ ነው፤ ወረቀት ላይ የተገኘው ቁጥር በሜዳ ተመልሶ ሲመጣ።

አቅጣጫው ግን በከባድ ፍላጻ አይታወቅም

እሱን በማስመሪያ ይሥሩት። ሁለት ፍላጻዎች አውታሩ ላይ በ1.5 ሳንቲ ሜትር ተራርቀው፣ ፊታቸው በ2.4 ቢራራቅ ልዩነቱ 0.9 ነው። በ20 ሜትር አባዝተው ለፍላጻው ርዝመት ለ0.7 ሲያካፍሉት፣ በዒላማው ላይ ተጨማሪ 26 ሳንቲ ሜትር ይራራቃሉ ማለት ነው። ተቃራኒው የከፋ ነው፦ ጭራቸው ተራርቆ ፊታቸው ከተጠጋ መንገዳቸው ከደጋኑ ፊት ይገናኛል፤ ዘንግ ከዘንግ፣ ላባ ከላባ ይጋጫል። አንዱ ጭራ ከአውታሩ ቀድሞ ቢያመልጥ ደግሞ የሚተኮሰው ወዴት እንደሆነ አይታወቅም፤ የካርቦን ዘንግ ከሆነም ተሰንጥቆ ደጋን የያዘውን እጅ ሊወጋ ይችላል። ስለዚህ ይህኛውን እርምጃ በወረቀት ይጨርሱት፤ ሜዳ ላይ የሚወጣው አንዱ ከባድ ፍላጻ ብቻ ይሁን፤ እሱንም ከእያንዳንዱ ውርወራ በኋላ ዘንጉን ለመጥ እያደረጉ ስንጥቅ እንዳለው ይፈትሹት።