ስለ ሚዛንና ስለ መስፈሪያ

ልጆች ሆይ፤ ሰው የሚገዛውንና የሚሸጠውን ነገር የሚያውቅበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው መመዘን ነው፤ ሁለተኛው መስፈር ነው። ሚዛን የነገሩን ክብደት ይነግረናል፤ መስፈሪያ ግን ነገሩ የሚይዘውን ስፍራ ይነግረናል። ወርቅ በወቄት፣ ቡናም በፈረሱላ ሲሸጥ ክብደቱ ተመዘነ ማለት ነው። እህል በቁና ሲሸጥ ግን ተሰፈረ እንጂ አልተመዘነም።

ፈሳሽ ነገር የሚሰፈረው በሊትር ነው፤ ክብደት የሚመዘነው በኪሎ ግራምና በግራም ነው። አንድ ኪሎ ግራም 1000 ግራም ነው፤ ሰውም አሳጥሮ ኪሎ ይለዋል። ርዝመቱ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዱ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱም 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሣጥን አንድ ሊትር ይይዛል።

በፈረንሳይ አገር፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1795 ዓ.ም.፣ ሊትርና ግራም በሕግ ተወሰኑ። ያን ጊዜ የግራም ክብደት የተወሰነው በንጹሕ ውሃ ነበር። ስለዚህ እስከ ዛሬ ድረስ ያንድ ሊትር ውሃ ክብደት አንድ ኪሎ ያህል ነው።

ነገር ግን ይህ የውሃ ብቻ መሆኑን አስተውሉ። ፈሳሽ ሁሉ ክብደቱ እኩል አይደለም። አንድ ሊትር የምግብ ዘይት 920 ግራም ያህል፣ አንድ ሊትር ወተት 1030 ግራም ያህል፣ አንድ ሊትር ማር 1400 ግራም ያህል ይመዝናል። ይህን በዓይናችሁ ለማየት ብትወዱ፣ ባንድ ብርጭቆ ውስጥ አስቀድማችሁ ማር፣ ቀጥሎ ውሃ፣ በመጨረሻም ዘይት ቀስ አድርጋችሁ አፍስሱ። ማር ከባድ ነውና በታች ይቀመጣል፤ ዘይት ቀላል ነውና በውሃው ላይ ይንሳፈፋል።

እንግዲህ ሊትሩን ወደ ኪሎ ለመለወጥ፣ የሊትሩን ቍጥር ባንዱ ሊትር ክብደት አባዙ። 5 ሊትር ዘይት ስንት ይመዝናል? 5 ጊዜ 920 ግራም 4600 ግራም ነው፤ ይኸውም 4 ኪሎ ከ600 ግራም ይሆናል። ኪሎውን ወደ ሊትር ለመለወጥ ግን ክብደቱን ባንዱ ሊትር ክብደት አካፍሉ። 7 ኪሎ ማር 7000 ግራም ነው፤ ለ1400 ቢካፈል 5 ሊትር ይሆናል።

ይህ ትምህርት ለገበያ ምን እንደሚጠቅም በምሳሌ እንይ። አንዲት ባልቴት 10 ሊትር ማር በማሰሮ ይዛ ገበያ ወጣች እንበል። ነጋዴው ማሩን በኪሎ ዋጋ ሊገዛ ተስማማ፤ ነገር ግን ሚዛኑን ትቶ በሊትር ሰፈረና የ10 ኪሎ ዋጋ ከፈላት። ማሩ ግን 14 ኪሎ ነበር። ስለዚህ ባልቴቲቱ ብዙ የደከመችበትን የ4 ኪሎ ዋጋ አጣች። ነጋዴው ዐውቆ አድርጎት ቢሆን ሌባ ነው፤ ባለማወቅ አድርጎት ቢሆንም የባልቴቲቱ ጉዳት አይቀንስም። ደግሞም 10 ሊትር ዘይት ሊሸጥ የተስማማ ሰው 10 ኪሎ መዝኖ ቢሰጥ፣ ዘይቱ 11 ሊትር ሊሞላ ጥቂት ብቻ ይጐድለዋልና ሻጩ ራሱ ይጐዳል። እንግዲህ አለማወቅ አንድ ጊዜ ሌላውን፣ አንድ ጊዜ ራስን ይበድላል።

ስለዚህ ከመግዛትና ከመሸጥ በፊት «ዋጋው በኪሎ ነው ወይስ በሊትር?» ብላችሁ ጠይቁ። ስትመዝኑም አስቀድማችሁ ባዶውን ዕቃ መዝኑ፤ ኋላም ከሞላው ክብደት ላይ ቀንሱ። ያለዚያ ማሰሮውን በማር ዋጋ ትሸጣላችሁ። ያልተማረ ሰው ቢያምናችሁ፣ የእርሱን ሒሳብ ከራሳችሁ ሒሳብ ይልቅ ተጠንቅቃችሁ ቍጠሩ። እርሱ ሊመረምራችሁ አይችልምና፣ እውነተኛነታችሁ የሚታወቀው በዚያ ጊዜ ነው።

ጥያቄ።
1. ቁና ሚዛን ነው ወይስ መስፈሪያ?
2. 3 ሊትር ማር ስንት ኪሎ ይመዝናል?
3. 46 ኪሎ ዘይት ስንት ሊትር ይሆናል?
4. ባዶው ዕቃ አስቀድሞ የሚመዘነው ስለ ምንድር ነው?