የሶፍትዌር ግዢ «አልተሳካም» ሲላችሁ መጀመሪያ ማን እምቢ እንዳለ ለዩ

ዛሬ ከመሐል ሜዳ የገብስና የባቄላ ዋጋ ወጣ ብለን ላኪዎችንና ዩኒየኖችን በሚያስጨንቅ ነገር እንማማር።

የአውሮፓ ኅብረት የደን ሕግ ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በኋላ ደን ተመንጥሮ የለማ ቡና አልቀበልም ይላል። የሚተገበርበት ቀን ቢገፋም ገዢዎች የየማሳውን መገኛ ይጠይቃሉ፤ ማሳው ከ4 ሄክታር በላይ ከሆነ ደግሞ የዙሪያውን ወሰን። ለዚህ የሚሆን ሶፍትዌር ከአማዞን ወይም ከማይክሮሶፍት የክላውድ ገበያ ልትገዙ ስትሉ ግዢው ሊከሽፍ ይችላል። ሁልጊዜ ግን ገንዘብ ስለሌለ አይደለም። በእህል ገበያም ሻጭና ገዢ ተስማምተው ሚዛን ላይ ከተበላሸ ጭነት አይነሳም።

1. ካርዱ፦ የብር ካርዳችሁ የቪዛ ምልክት ስላለው ብቻ በዶላር ይከፍላል ማለት አይደለም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብሔራዊ ባንክ መመሪያ ላኪ ካስገባው ምንዛሪ 50 በመቶውን እንዲይዝ ፈቅዷል። በዚያ ሂሳብ ላይ ለኢንተርኔት ክፍያ የተከፈተ ካርድ ባንካችሁን ጠይቁ።

2. አገሩ፦ ለየትኛው አገር እንደሚሸጥ የሚወስነው ሻጩ ነው። ኢትዮጵያ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለች ዶላር ቢኖራችሁም አይሸጥላችሁም። የሌላ አገር አድራሻ በውሸት መሙላት ደግሞ አካውንት ያዘጋል።

3. የድርድር ዋጋ፦ ሻጩ ለእናንተ ብሎ የቀነሰው ዋጋ ሻጩ ለመረጠው አካውንት ብቻ ነው፤ የሚያበቃበት ቀንም አለው። በሌላ አካውንት ብትገቡ አታዩትም።

4. ፈቃድ፦ ሂሳብ ሠራተኛው መግባት ቢችልም የመግዛት ፈቃድ ላይኖረው ይችላል። ይሄ የሚስተካከለው እዚያው ቢሯችሁ ውስጥ ነው።

5. ነጻ ክሬዲት፦ የማይክሮሶፍት አዙር ለጀማሪ የሚሰጠው ክሬዲት የሌላ ኩባንያ ሶፍትዌር አይገዛም።

እንግዲህ አልሆነም ሲላችሁ ደጋግማችሁ አትጫኑ፤ ባንኩ ተጠራጥሮ ካርዱን ሊዘጋው ይችላል። የወጣውን መልእክት ፎቶ አንሱና መጀመሪያ ባንኩ ጋ ደውሉ። ባንኩ «ጥያቄ አልመጣልኝም» ካለ ችግሩ ገበያው ወይም ሻጩ ጋ ነው። አገሩ ከሆነ እምቢ ያለው፣ ሻጩን በቀጥታ ኢንቮይስ ጠይቁትና በባንክ ማስተላለፍ ይቻል እንደሆነ ተነጋገሩ።

ይሄን ሁሉ ከለቀማ በፊት ጨርሱት። ቡናው መጋዘን ገብቶ ከተቀላቀለ በኋላ የማን ማሳ እንደሆነ የሚለይ ሶፍትዌር የለም።

መልካም ገበያ።