«ኪኒን»ና የአንዲስ ተራሮች ሕዝብ ዛፍ

በአገራችን ከተማም ሆነ ገጠር «ኪኒን» የሚለውን ቃል የማያውቅ ሰው አይገኝም፡፡ ለራስ ምታት የሚዋጠውም ለሆድ ሕመም የሚታዘዘውም ሁሉ ኪኒን ነው፡፡ ቃሉ ግን በመጀመሪያ የአንድ መድኃኒት ስም ነበር፤ እርሱም የወባን ንዳድ የሚያበርደው ኩዊኒን ነው፡፡ የዚህ መድኃኒት ስም ደግሞ ከኬቿ ቋንቋ የተገኘ ሲሆን፣ በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች የሚኖረው ሕዝብ የዛፍን ቅርፊት «ኪና» ይለዋል፡፡ ስሙ አስቀድሞ የሌላ ባለ ሙጫ ዛፍ እንደ ነበረና ኋላ ወደዚህኛው እንደ ተላለፈ ሊቃውንት ይናገራሉ፡፡ ያም ሆነ ይህ፣ አንዲት የኬቿ ቃል ሳናውቃት በየቤታችን ትኖራለች፡፡ በዚህ ጽሑፍ ስለ ዛፉ፣ ዛፉን አስቀድመው ስላወቁት ሰዎችና ስለ ደረሰባቸው ነገር ጥቂት እንመለከታለን፡፡ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፡፡)

ዛፉ ሲንኮና ይባላል፡፡ በአንዲስ ምሥራቃዊ ተዳፋት፣ ጉም በማይለየው ደን ውስጥ ማንም ሳይተክለው የሚበቅል ነው፡፡ ከሃያ በላይ ዝርያዎች ሲኖሩት መልካቸው የሚቀራረብ፣ ኃይላቸው ግን እጅግ የሚለያይ ነው፤ የአንዱ ቅርፊት ንዳድን ሲያቆም የሌላው ከምሬቱ በቀር የሚሰጠው ጥቅም የለም፡፡ የትኛው የትኛው እንደ ሆነ ለይቶ ማወቅ የደኑ ሰው ዕውቀት ነበር፡፡

ሕዝቡ ቅርፊቱን ፈጭቶ በመጠጥ የሚወስደው ብርድ ገብቶት ለሚንቀጠቀጥ ሰው እንደ ነበር ይነገራል፡፡ አያሌ ሊቃውንት እንደሚያምኑት ወባ ራሷ ወደዚያ ምድር የገባችው ከባሕር ማዶ ከመጡት ሰዎች ጋር ነው፡፡ ታዲያ «የወባን መድኃኒት ያውቁ ነበር» ማለት ባይቻልም፣ ይህ ዕውቀታቸውን አያሳንሰውም፡፡ እንዲያውም በእኛ አስተያየት ከፍ ያደርገዋል፤ በእንግዳ የመጣው በሽታ መድኃኒቱን ያገኘው በባለ አገሩ እጅ ነውና፡፡

ስለዚህ ዛፍ ከጻፉት ቀደምት ሰዎች አንዱ የቅዱስ አውጎስጢኖስ ማኅበር መነኩሴ የነበሩት አባ አንቶኒዮ ዴ ላ ካላንቻ ናቸው፡፡ በ1638 ዓ.ም. በታተመው መጽሐፋቸው፣ ዛሬ ኢኳዶር በሚባለው አገር በሎሃ አካባቢ «የንዳድ ዛፍ» የሚባል እንዳለና የቅርፊቱ ዱቄት ንዳድን እንደሚፈውስ ገልጸዋል፡፡ በአገራችን የዐፄ ፋሲል ዘመን መሆኑ ነው፡፡ በሊማ ከተማ ደግሞ የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል የነበረው መድኃኒት ቀማሚ ወንድም አጎስቲኖ ሳሉምብሪኖ ቅርፊቱን ወደ ሮም እንደ ላከ ይነገርለታል፡፡ ሮም በዚያን ጊዜ በረግረግ የተከበበች የወባ ከተማ ነበረች፤ በ1623 ዓ.ም. ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳትን ለመምረጥ ከተሰበሰቡት ካርዲናሎች መካከል እንኳ በንዳድ የሞቱ ነበሩ፡፡ ካርዲናል ሁዋን ዴ ሉጎ ዱቄቱን ካስመረመሩ በኋላ ለከተማይቱ ድኆች በነጻ ያድሉት ጀመር፡፡ በ1649 ዓ.ም. ስለ አወሳሰዱና ስለ መጠኑ የሚያስረዳ ወረቀት በሮም ታተመ፡፡ ይህች ወረቀት ትንሽ ብትመስልም ትልቅ ነገር ናት፤ ቅርፊት ያለ ልክ ሲሰጥ ወይ አይፈውስም፣ ወይ ይጎዳል፡፡ ኩዊኒን ከልኩ ሲያልፍ ጆሮን ያስጮኻል፣ ዓይንንም ልብንም ይጎዳል፡፡

መድኃኒቱ «የኢየሱሳውያን ዱቄት» ተብሎ በመጠራቱ በፕሮቴስታንት አገሮች የሚጠሉት ብዙዎች ነበሩ፡፡ በእንግሊዝ ሮበርት ታልቦር የተባለ ሰው በመጽሐፉ ሕዝቡ ከዚህ ዱቄት እንዲጠነቀቅ ካስተማረ በኋላ፣ በራሱ ምሥጢራዊ መድኃኒት ንጉሡን ሳይቀር ፈውሶ ታላቅ ስም አተረፈ፡፡ ከሞተ በኋላ ምሥጢሩ ሲገለጥ ያው የተነቀፈው ቅርፊት በወይን ተዘፍዝፎ ሆኖ ተገኘ!

የስሙም ነገር ያስገርማል፡፡ ስዊድናዊው ሊቅ ሊኔየስ በ1742 ዓ.ም. ዛፉን «ሲንኮና» ያለው፣ በፔሩ የእስፓኝ እንደራሴ የነበረው የቺንቾን መስፍን ሚስት በቅርፊቱ ድናለች የሚለውን ታሪክ አምኖ ነው፡፡ ኋላ የተገኘው የእንደራሴው የዕለት መዝገብ ግን ስለዚህ ፈውስ የሚለው ነገር የለም፡፡ እንግዲህ ዛፉ ምናልባት ቀምሳው በማታውቅ እመቤት ስም ሲጠራ፣ ለይተው ያወቁት ሰዎች ያለ ስም ቀሩ፡፡

ከእነርሱ መካከል ስሙ የተረፈልን አንድ ሰው አለ፤ የቦሊቪያ ተወላጅ የሆነው ማኑኤል ኢንክራ ማማኒ ነው፡፡ በ1820 ዓ.ም. ሁለት ፈረንሳውያን ኬሚስቶች፣ ፔሌቲዬና ካቫንቱ፣ ኩዊኒንን ከቅርፊቱ ለይተው ካወጡ ወዲህ የአውሮፓ መንግሥታት ዛፉን በቅኝ ግዛቶቻቸው ለመትከል ዘር ይፈልጉ ነበር፡፡ ቦሊቪያ በበኩሏ ዘሩ ከአገር እንዳይወጣ ከለከለች፡፡ ማማኒ ቻርልስ ሌጀር ለሚባል እንግሊዛዊ ነጋዴ ይሠራ ነበር፡፡ ከዝርያዎቹ ሁሉ ብርቱው የትኛው እንደ ሆነ ለይቶ ስለሚያውቅ የእርሱን ዘር ለመሰብሰብ ወደ ደኑ ገባ፤ ውርጭ አበባውን እየመታበት ለአራት ዓመት ያህል ጠበቀ፤ በ1865 ዓ.ም. ዘሩን ለሌጀር አስረከበ፡፡ እንግሊዞች ዘሩን አንፈልግም ሲሉ ሆላንዶች ጥቂቱን በትንሽ ገንዘብ ገዝተው በጃቫ ደሴት ተከሉት፡፡ ከዚያ የበቀሉት ዛፎች ከቀድሞዎቹ እጅግ የበለጠ ኩዊኒን የሚሰጡ ሆኑ፤ በ1930ዎቹ የዓለም ኩዊኒን ከአሥር ዘጠኙ እጅ ከጃቫ ይወጣ ነበር፡፡ ማማኒ ግን በ1871 ዓ.ም. ገደማ በኮሮይኮ ተይዞ ታሰረ፤ ዘሩን ለማን እንደ ሰጠ እንዲናገር ተደበደበ፤ ከተለቀቀም በኋላ ብዙ ሳይቆይ ሞተ፡፡ አገር ሀብቷን መጠበቋ ተገቢ ነው እንላለን፤ ነገር ግን ቅጣቱን ብቻውን የተሸከመው ድኻው ነበር፡፡ ዝርያው ሲንኮና ሌጀሪያና ተብሎ በነጋዴው ስም ተጠራ፤ ለነጋዴውም የሆላንድ መንግሥት በስተርጅናው ጡረታ ቆረጠለት፡፡

ዛሬ ኩዊኒን የቀድሞ ቦታውን ለሌሎች ለቅቋል፡፡ የጤና ባለሙያዎች ለጽኑ ወባ የሚያስቀድሙት አርቴሱኔትን ነው፤ የእርሱም ምንጭ በቻይና የቆየ የሕዝብ መድኃኒት የሆነ ቅጠል ነው፡፡

ይህ የሩቅ አገር ታሪክ የእኛን ኮሶ ያስታውሰናል፡፡ ከደጋው ደናችን የሚገኘውን የሴቴዋን ኮሶ ቀላ ያለ አበባ አድርቀው፣ ፈጭተውና በውኃ በጥብጠው በባዶ ሆድ በመጠጣት የኮሶ ትልን ማውጣት አባቶቻችንና እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ ያውቁት ነበር፡፡ በ19ኛው መቶ ዓመት አውሮፓውያን በመድኃኒት መዛግብታቸው አስገቡት፡፡ በሳይንስ የሚጠራበት «ሀጌኒያ» የሚለው ስም የኮኒግስበርጉ ጀርመናዊ ሊቅ የሀገን ነው፡፡ እንደ ሲንኮናው ሁሉ ኮሶም ልክ አለው፤ ሲበዛ ብርቱ ትውከትና ቁርጠት ያመጣል፣ ዓይንንም እንደ ጎዳ ታውቋል፤ እርጉዝ ሴት ፈጽሞ ልትጠጣው አይገባም፡፡ ስለዚህ ንዳድ የያዘውም ሆነ ትል ያስቸገረው ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ እንዲመረመር እንመክራለን፤ ለሁለቱም ልኩ የታወቀ መድኃኒት አለ፡፡

ዕውቀቱ ግን እንዲጠፋ ወይም ባለቤት አልባ ሆኖ እንዲወሰድ አንሻም፡፡ የኮሶ ዛፍ ለእንጨቱ ሲባል በብዙ ቦታ ተመንጥሯል፤ የአበባውን ልክ የሚያውቁት አረጋውያንም እያለፉ ነው፡፡ በ1992 ዓ.ም. የተፈረመው የብዝኀ ሕይወት ስምምነት የማኅበረሰብ ዕውቀት እንዲከበርና ጥቅሙ እንዲካፈል ይደነግጋል፡፡ አገራችንም በ2006 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 482 የማኅበረሰብን መብት በሕግ አጽንታለች፡፡ በየቁምስናችን ያሉ ወጣቶች ከአያቶቻቸው እየጠየቁ የየአካባቢውን ዕፅ ስም፣ ጥቅሙን፣ በተለይም ጉዳቱን በደብተር ቢመዘግቡ፣ የተናጋሪውንም ስም በግልጽ ቢጽፉ መልካም ነው፡፡