ስለ ኔትወርክ ሙያ አጀማመር

ኔትወርክ ማለት ኮምፒዩተሮች በሽቦ ወይም በአየር ሞገድ ተያይዘው የሚላላኩበት መረብ ነው። ይህን መረብ የሚዘረጋ፣ የሚጠብቅና ሲበላሽ የሚጠግን ሰው የኔትወርክ ባለሙያ ይባላል። ብዙ ወጣቶች ሙያውን እየተመኙ፣ ኮምፒዩተር ስለሌለን አንጀምርም በማለት ተስፋ ይቈርጣሉ። ነገር ግን የሙያው መሠረት ቍጥርና ሥርዓት ስለ ሆነ፣ መምህር በጥቍር ሰሌዳና በጠመኔ ሊያስጀምራቸው ይችላል።

አንደኛ፤ አድራሻን ይማሩ። ደብዳቤ ያለ አድራሻ ከባለቤቱ እንደማይደርስ ሁሉ፣ በመረብ ውስጥም እያንዳንዱ መሣሪያ አድራሻ ያስፈልገዋል። ይህም አይፒ አድራሻ ይባላል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1983 የአሜሪካው አርፓኔት መረብ የተቀበለው የአድራሻ ዐይነት እስከ ዛሬ ይሠራል፤ 4 ክፍሎችም አሉት። ለምሳሌ፤ 192.168.1.10። ኮምፒዩተር የሚቈጥረው በ0ና በ1 ብቻ ነው፤ ለእያንዳንዱም ክፍል 8 ቦታ ተሰጥቶታል። ስለዚህ ከ0 እስከ 255 ድረስ 256 ቍጥሮች ይገኛሉ። 10 የሚለው ቍጥር 8ና 2 ተደምረው ስለ ሆነ 00001010 ተብሎ ይጻፋል። ይህን መጻፍና መልሶ መፍታት የቻለ ተማሪ የሙያውን በር ከፈተ።

ሁለተኛ፤ ሥርዓትን ይልመዱ። መረብ በተቋረጠ ጊዜ ዐዋቂ ሰው ሳይደናገጥ ከታች ወደ ላይ ይመረምራል። አስቀድሞ ኤሌክትሪኩንና ሽቦውን ያያል፤ የተለመደው የመዳብ ሽቦ በአንድ ወጥ ከ100 ሜትር በላይ ሊዘረጋ አይገባምና። ቀጥሎ አድራሻውን፣ ከዚያም ወደ ሌላ መረብ የሚያሻግረውን ራውተር፣ በመጨረሻም ፕሮግራሙን ይመለከታል። ይህ ልማድ የሌለው ሰው ደኅናውን ሲነቅል ይውላል።

ሦስተኛ፤ በእጅ ይሥሩ። ኮምፒዩተር ያገኘ ተማሪ፣ ሲስኮ የተባለው ኩባንያ ያለ ዋጋ በሚሰጠው ፓኬት ትሬሰር በሚባል ፕሮግራም፣ ዕቃ ሳይገዛ መረብ እየዘረጋ ሊለማመድ ይችላል።

የምስክር ወረቀት ከዚህ በኋላ ይምጣ። የዚሁ ኩባንያ ሲሲኤንኤ የተባለው ምስክርነት እንኳ የሚጸናው ለ3 ዓመት ብቻ ነው። ወረቀት የዕውቀት ምስክር እንጂ ራሱ ዕውቀት አይደለም። የፈተና መልስ ብቻ ሸምድዶ ወረቀት የያዘ ሰው የሆስፒታል መረብ ቢጠብቅ፣ መረቡ በተቋረጠ ሌሊት የሚጐዳው ሕመምተኛው ነው። ስለዚህ እናንተ ሽማግሎች፣ ልጆቻችሁ ለፈተና ገንዘብ ሲጠይቋችሁ፣ አስቀድማችሁ የሠራችሁትን አሳዩን በሏቸው።

ጥያቄ።
1. 192 በ0ና በ1 እንዴት ይጻፋል?
2. በአድራሻ ክፍል ውስጥ 256 የሚል ቍጥር የማይገኘው ስለ ምንድን ነው?
3. ኤሌክትሪኩና ሽቦው ደኅና ሆነው መረቡ ባይሠራ፣ ቀጥሎ ምን ይመረመራል?