ሬዲዮ ሲናገር

ኮልፌ በአዲስ አበባ ከተማ በስተምዕራብ የሚገኝ ሰፈር ነው። እኛ ዘማች ተማሪዎች በክረምት የምናስተምረው በዚሁ ዳርቻ የሚኖሩ ገበሬዎችን ነው። የምናድረው ከአንድ አዛውንት ቤት ነው። እኛ አባባ እንላቸዋለን፤ እሳቸውም ልጆቼ ይሉናል። ጠዋት ጠዋት ቆሎ እየቆረጠምን አብረን ሬዲዮ እንሰማለን።

ሐምሌ 11 ቀን ጠዋት ዝናቡ ገና አላባራም ነበር። ሬዲዮው ዕለቱ የኔልሰን ማንዴላ ዓለም አቀፍ ቀን መሆኑን ተናገረ። ዜናው አጭር ነበር። የእኛ ወሬ ግን ረዘመ።

አባባ፣ «የሩቅ አገር ሰው ለእኛ ምናችን ነው? ጤፍ የሚዘራበት ጊዜ ደርሷል፤ ይልቅ የዝናቡን ነገር ቢነግሩን» አሉ።

ባለቤታቸው እማማ፣ «ቀን ከተሰየመለትማ ጻድቅ ሰው ነው» አሉ።

ከእኛ አንዱ ቀበል አድርጎ፣ «የለም እማማ፤ መሣሪያ ያነሣ ታጋይ ነው» አለ። ሌላው፣ «እንዴ! የይቅርታ ሰው ነው እንጂ» ብሎ ተከራከረ።

እነሆ አራት ሰዎች አንድ ዜና ሰማን፤ አራት ፍርድ ፈረድን። «እስቲ ነገሩ እንዴት ነው?» ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። በዚህ አፈርንና መጽሐፍ አውጥተን አነበብንላቸው።

ደቡብ አፍሪካን ይገዙ የነበሩ ነጮች ጥቁሩን ሕዝብ እንዳይመርጥና በገዛ አገሩ እንደ ልቡ እንዳይኖር ከልክለውት ነበር። ይህ አገዛዝ አፓርታይድ ይባላል። ማንዴላ ይህን አገዛዝ ታገሉ። በ1954 ዓ.ም. ለአፍሪካ ነፃነት ታጋዮች ስብሰባ ወደ አዲስ አበባ መጡ። በዚያው ዓመት ተመልሰው መጥተው የጦር ትምህርት ተማሩ። የተማሩትም እዚሁ ኮልፌ፣ በፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ካምፕ ነው። ተኩስና የፈንጂ አያያዝ ተማሩ፤ ረጅም የእግር ጉዞ ተጓዙ። ትምህርቱ ስድስት ወር እንዲሆን ታስቦ ነበር። ነገር ግን ድርጅታቸው ቶሎ ስለጠራቸው ሳይጨርሱ ሄዱ። አገራቸው እንደገቡ ሐምሌ 29 ቀን 1954 ዓ.ም. ተያዙ። ከእስር የወጡት ከ27 ዓመት በኋላ፣ የካቲት 4 ቀን 1982 ዓ.ም. ነው። በ1986 ዓ.ም. የአገራቸው ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። በቀልን ትተው እርቅን መረጡ። ኅዳር 26 ቀን 2006 ዓ.ም. አረፉ።

ስለዚህ «ታጋይ ነው» ያለውም፣ «የይቅርታ ሰው ነው» ያለውም እውነት ነበራቸው። ግን ሁለቱም የያዙት ግማሹን ነው።

ማንዴላ ስለ ሕይወታቸው በጻፉት መጽሐፍ ውስጥ አንድ ነገር ነግረውናል። ከካርቱም ወደ አዲስ አበባ የመጡት በኢትዮጵያ አውሮፕላን ነው። አብራሪው ጥቁር ነበር። ከዚያ በፊት ጥቁር አብራሪ አይተው ስለማያውቁ ደነገጡ፤ ጥቁር ሰው እንዴት አውሮፕላን ያበራል ብለው ሰጉ። ወዲያው ግን ራሳቸውን ታዘቡ። ጥቁር አይችልም የሚለው የጨቋኞች ሐሳብ ሳያውቁት በእሳቸውም ልብ ገብቶ ኖሯል። እንዲህ ያለ ታላቅ ሰው እንኳ መጀመሪያ የመጣለትን ስሜት መርምሮ አረመው።

አባባ ይህን ሲሰሙ፣ «እዚህ? በየዕለቱ በማልፍበት በኮልፌ?» ብለው ተገረሙ። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያም ስለ በሬያቸው አጫወቱን። አንድ ዓመት የከብት ክትባት ቀን በሬዲዮ ተነገረ። ሰኞ የተባለውን እሳቸው ሐሙስ ብለው ሰሙ። ማንንም አልጠየቁም፤ አልጻፉትምም። ሐሙስ በሬያቸውን እየነዱ ሲሄዱ ሜዳው ባዶ ሆኖ ቆያቸው። በኋላ አባ ሰንጋ ገባና ያን በሬ ገደለው። «ያን ጊዜ ፊደል ባውቅ ኖሮ ጽፌ እይዘው ነበር» አሉን።

ውድ አንባቢያን፣ ሬዲዮ ተናግሮ ያልፋል። ያመለጠንን ቃል መልሶ አይነግረንም። ስለዚህ ዜና ስንሰማ እነዚህን እንጠይቅ፦ ምን ተባለ? ማን አለው? የት ሆነ? መቼ? እኛን በምን ይመለከተናል? ቀኑንና ቁጥሩን እንጻፍ። ያልገባንን የሚያውቅ ሰው እንጠይቅ፤ ወይም እናንብብ። መደሰትም መቆጣትም ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

በዚያ ጠዋት አባባ ደብተራቸውን አመጡ። እርሳሱን ጠበቅ አድርገው ይዘው ቀስ እያሉ ጻፉ፦ «ማንዴላ። ኮልፌ። 1954።» ከዚያ ዝናቡ አባራ፤ ወደ እርሻ ወጣን።

ጥያቄዎች

1. አራቱ ሰዎች ዜናውን እንደሰሙ ምን አሉ?
2. ማንዴላ አብራሪውን ሲያዩ ለምን ደነገጡ? ራሳቸውንስ ለምን ታዘቡ?
3. የአባባ በሬ ሳይከተብ የቀረው ለምንድን ነው?
4. ዛሬ ጠዋት በሬዲዮ ከሰማችሁት አንዱን ዜና በሦስት መስመር ጻፉ። ቀኑን አትርሱ።