ደንብና ሩኽሳ፦ የገንዘባችንን አቅም ማን ይጠብቃል?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

 

ኢነንሽታት ውስጥ ቪሊ ብራንት ፕላትስ ላይ የቆመውን ትልቅ የዩሮ ምልክት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከኋላው ያለው ኦይሮታወር፣ የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ወደ ኦስትኤንድ እስኪዛወር ድረስ ዋና መሥሪያ ቤቱ ነበር። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር እናቴ ትታወሰኛለች። ደሴ ሆና ለሐጅ ብር ስታጠራቅም ዓመታት አለፉ፤ የጉዞው ዋጋ ግን ሁሌም ይቀድማታል። ከብሯ አንድም አልጎደለም፤ የጎደለው የብሩ አቅም ነው።

ይህን አቅም የመጠበቅ አማና ያለበት ማዕከላዊ ባንክ ነው። እንዴት ይጠብቀው በሚለው ላይ ግን ምሁራን ሁለት ወገን ናቸው።

አንደኛው ወገን «በደንብ ይታሰር» ይላል። ሚልተን ፍሪድማን የገንዘቡ መጠን በየዓመቱ በተወሰነ መቶኛ ብቻ ይደግ ብሎ ነበር። ኪድላንድና ፕሬስኮት በ1977 ምክንያቱን አሳዩ፦ ዛሬ «ዋጋ አይንርም» ያለ ባለሥልጣን፣ ነገ ሥራ ለመፍጠር ሲል ቃሉን ለማጠፍ ይፈተናል። ሕዝቡም ይህን ስለሚያውቅ አያምነውም፤ ነጋዴው አስቀድሞ ዋጋ ይጨምራል። ጆን ቴይለር ደግሞ በ1993 የወለድ ተመን በምን ልክ መንቀሳቀስ እንዳለበት በቀመር አስቀመጠ።

ሌላኛው ወገን «ቀመር ጦርነትና ወረርሽኝን አያውቅም፤ ባለሙያው እንደ ሁኔታው ይወስን» ይላል።

ለእኔ ነገሩ የገባኝ በረመዷን ነው። ፆም ግዴታ ነው፤ መንገደኛ ግን ሩኽሳ አለው። ሩኽሳው ለማን እንደሆነ ቀድሞ የታወቀ ነው፤ መንገደኛውም ያልፆመበትን ቀን በኋላ ቀዷ ያወጣል። እንደ ልብ ማድረግና ሩኽሳ አንድ አይደሉም።

የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ግብ በመካከለኛ ጊዜ 2 በመቶ የዋጋ ንረት ነው። በጥቅምት 2022 ንረቱ 10.6 በመቶ ደረሰ። ባንኩ ከሐምሌ 2022 ጀምሮ ወለዱን እያከታተለ ከፍ አደረገ። ዘገየ ብለው የወቀሱት ሰዎች መውቀስ የቻሉት ቃሉ በቁጥር ስለታወቀ ነው። በአገራችን ግን ብሔራዊ ባንክ ለዓመታት ለመንግሥት በቀጥታ ሲያበድር ቆይቷል፤ ይህ አዲስ ገንዘብ እንደመፍጠር ነው። በሐምሌ 2024 ባንኩ በ15 በመቶ የፖሊሲ ወለድ ተመን ወደሚመራ አሠራር ተሸጋገረ።

«ወለድ ሐራም ሆኖ ሳለ ይህ ምን ያገባናል?» የሚል ጥያቄ ከናንተ ሰምቻለሁ። ከወለድ ብንርቅም ደመወዛችንን የምንቀበለው፣ ዘካችንን የምናወጣው፣ ለቤተሰብ የምንልከው በዚሁ ገንዘብ ነው። አል-መቅሪዚ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ፣ የካይሮ ገበያ በመዳብ ሳንቲም መጥለቅለቁን ከኑሮ ውድነቱ ምክንያቶች አንዱ አድርጎ ጽፏል። ጉዳዩ ለሙስሊም ሊቃውንት እንግዳ አልነበረም።

ስለዚህ ስለ ማዕከላዊ ባንክ ዜና ስትሰሙ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ቃሉ ምን ነበር? የተላለፈው በምን ምክንያት ነው? ቀዷውስ መቼ ይወጣል? መልስ ከሌለው፣ ዕዳውን የሚከፍሉት እንደ እናቴ ያሉ ቆጣቢዎች ናቸው።

አላህ ለእናቴም ለሁላችንም ሐጅን ይወፍቀን። ወሰላሙ ዐለይኩም።