ከጊደር መጋላ እስከ ድሬዳዋ፦ መንገዱን እንዴት እናስተምር?

ውድ እጩ መምህራን፣ ስለ አንድ መንገድ አስተምሩ ብንባል ብዙዎቻችን ቶሎ የምንሮጠው ወደ ካርታ ነው። ካርታ ጥሩ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ለዚህ ማስረጃ የሚሆነን ከ50 ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚበልጠው የሐረር–ድሬዳዋ መንገድ ነው።

እስቲ ከጊደር መጋላ እንነሣ። ስሙ በሐረሪኛ «ትልቅ ገበያ» ማለት ነው። ወደ ፈረስ መጋላ ወጥተን፣ በአንደኛ መንገድ አድርገን፣ በሐረር በር ከጀጎል እንወጣለን። የጥንቶቹ አምስት በሮች ለእግረኛና ለጭነት ከብት የተሠሩ ናቸው፤ ስድስተኛው ይህ በር ግን መኪና ያስገባል። ተማሪው በሮቹን ብቻ አወዳድሮ ስለ መጓጓዣ ታሪክ ብዙ ይማራል።

ከበሩ በኋላ ሐማሬሳን፣ ቀጥሎም በጫት ገበያዋ የታወቀችውን አወዳይን እናልፋለን። ከዚያ ሐረማያና አዴሌ ይከተላሉ። ደንገጎ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ በቁልቢ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ ያመራል፣ ሌላው በጠመዝማዛው ቁልቁለት ወደ ድሬዳዋ ይወርዳል።

እዚህ ላይ «ለምን እንዲህ ሆነ?» ብላችሁ ጠይቁ። ደጋው ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ግድም ነው፤ ድሬዳዋ ግን 1,200 ሜትር ያህል ላይ ናት። የባቡር ሐዲዱ መጀመሪያ የታሰበው እስከ ሐረር እንዲመጣ ነበር። ባቡር እንዲህ ያለውን ዳገት በቀላሉ ስለማይወጣ፣ ወጪውም ከባድ ስለነበረ፣ ሐዲዱ ከተራራው ሥር በቆላው አለፈ። በ1902 እ.ኤ.አ. በደረሰበት ቦታም ድሬዳዋ ተቆረቆረች። ሐረርን ከባቡሩ ጋር የማገናኘቱ ሥራ በዚህ መንገድ ላይ ወደቀ።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። ሐረማያ ላይ ከመንገዱ ዳር ሐይቅ አለ። የሐረር ሕዝብ ለብዙ ዓመታት የጠጣው የዚህን ሐይቅ ውሃ ነው። ለከተሞች የሚሳበው ውሃ፣ ለጫትና ለአትክልት በሞተር የሚቀዳው መስኖ፣ ከተራቆተው ተራራ ታጥቦ የሚገባው ደለል ተደማምሮ በ2000ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ሐይቁን አደረቀው። ለሐረርም ከድሬዳዋ በኩል ካለው ቆላ ውሃ በቧንቧ ሽቅብ መግፋት ግድ ሆነ።

በዚያን ጊዜ የድሮውን መጽሐፍ የገለበጠ መምህር «ሐይቅ አለ» ይላል፤ ተማሪው ደግሞ ትናንት በዚያ ሲያልፍ ያየው ከብት ሲግጥ ነው። ማንን ይመን? ከቅርብ ዓመታት ወዲህ እንደገና ውሃው ተመልሷል። ስለዚህ «ደርቋል» የሚለውን የቆየ ማስታወሻ ይዞ የሚያስተምርም ይሳሳታል። ተማሪ በመምህሩ ላይ ያለውን እምነት አንዴ ካጣ መመለሱ ከባድ ነው።

እንግዲህ ለልምምድ ማስተማር ስትወጡ ተማሪዎቻችሁን እነዚህን አሠሯቸው፦

1. የመንገዱን ንድፍ ሥለው ከተሞቹን በቅደም ተከተል ያስፍሩ።
2. ባቡሩ ሐረር ያልገባበትን ምክንያት በራሳቸው ቃል ያስረዱ።
3. የሐይቁ ውሃ ድሮ እስከ የት ይደርስ እንደነበር አዛውንቶችን ጠይቀው፣ ዛሬ ካለበት ጋር ያስተያዩ።

ሦስተኛውን ጥያቄ ከመስጠታችሁ በፊት ግን እናንተው ራሳችሁ ሄዳችሁ እዩ። በየዓመቱም ደግማችሁ እዩ።